በናስትሮ የታሰረ ጅራት

ሠናይት የሞተች ሰሞን ፀሐዬ ሦስቱን ዶሮዎች ለጎረቤት ሰጠ፤ በጣሳ የተተከሉትን አበባዎች ውኃ ማጠጣትም ተወ። ከእንግዲህ የሚተነፍስ ነገር ቤቴ አላስገባም ሲል ለራሱ ተናገረ። ይህን ያለው ከጭካኔ አልነበረም። ደክሞት ነበር።

አራት ዓመት ሙሉ ሚስቱን አስታሟል። ስትሮክ ቀኝ ጎኗን መትቶ አንደበቷንም ይዞባት ስለነበር፣ ጠዋት ተነስቶ ያገላብጣታል፣ ያጥባታል፣ የሽንቷን ከረጢት ይደፋል፣ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣታል። ከዚያ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ወርዶ በሁለት ታክሲ ወሰን፣ ሥራው ቦታ ይደርሳል። ማታ ሲመለስ ያንኑ እንደገና ከመጀመሪያው ይይዛል። ቀን ቀን ብቅ እያለች የምታያት የግቢው ጎረቤት የማርያምወርቅ ነበረች። ሠናይት ካረፈች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗል፤ የፀሐዬ ድካም ግን እስካሁን አልወጣለትም። እሑድ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውልና ሰኞ ሲነሳ ጆንያ ሲሸከም እንዳደረ ሰው ወገቡን ይዞ ነው።

ወሰን ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የጋራዥ ግቢ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሞተር የሚፈታው ሌላ፣ ላሜራ የሚቀጠቅጠው ሌላ፣ ቀለም የሚቀባው ሌላ ነው፤ መብራት የጠፋ እንደሆነ፣ ሞተሪኖ አልነሳ ያለ እንደሆነ፣ ዲናሞ አልሞላ ያለ እንደሆነ ግን ሰው ሁሉ ወደ ፀሐዬ ነው የሚመጣው። ሽቦ ሲቀጥል ማየት ደስ ይላል። ይልጠዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ ከዚያ ጥቁሩን የሚጣበቅ ናስትሮ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ እየለጠጠ ይጠቀልለዋል፣ ደግሞ ይደርበዋል። ጠበቅ ያላለ ናስትሮ ውኃ ያስገባል፣ ውኃ የገባው ሽቦ መኪና ያቃጥላል፣ ይላል። እሱ ያሰረው ሽቦ ተፈትቶ ያየ የለም።

ድመቷ የመጣችው በኅዳር መጀመሪያ ነው። አመድማ፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ግልገል ነበረች፤ እናቷን ማንም አላየም። ባዶ የባትሪ ካርቶን ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ አገኛት። ከምሳው ቆርሶ ጣለላት። በማግስቱም ጣለላት። ቅዳሜ ግቢው ሲዘጋ የጥበቃው ውሾች ስለሚለቀቁ ፀሐዬ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፒንሳውንና ካቻቢቴውን ከመሣሪያ ቦርሳው አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈና በነሱ ቦታ እሷን ከተታት። እስከ ሰኞ ብቻ ነው አለ።

ፈረንሳይ ሲደርስ የማርያምወርቅ በራፏ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ጋሽ ፀሐዬ፣ ቦርሳዎ ይጮኻል» አለችው።

«መሣሪያ ነው።»

«እንግዲያው ዘይት ይቀቡት።»

ሰኞ ጠዋት በቦርሳው ይዟት ወረደ፤ ሰኞ ማታ በቦርሳው ይዟት ወጣ። ማክሰኞም እንደዚያው። እንዲህ እያለ ሳምንት አለፈ። ስም አላወጣላትም። «አንቺ» ይላታል፣ ትመጣለች።

በብርድ ወራት በዚያ ግቢ አንድ ልማድ አለ። ድመቶች ለሙቀት ብለው ሞተር ውስጥ ስለሚገቡ፣ ጠዋት የትኛውም መኪና ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑ ሁለት ጊዜ ይንኳኳል። ልማዱን ያመጣው ራሱ ፀሐዬ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ጠዋት በሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋው ላይ ተጠቅልሎ ባየው ነገር ሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሎት ነበር። አሁን ሁሉም ያንኳኳል፤ ያላንኳኳ ይሰደባል።

በሁለተኛው ማክሰኞ ጠዋት አዱኛ ኮሮላውን ይዞ መጣ። አዱኛ የኮንትራት ታክሲ ነጂ ነው፤ ከፀሐዬ ሌላ ሰው መኪናውን አያስነካም፣ አፉ ግን ዕረፍት የለውም። ዲናሞው መሙላት እምቢ ብሎ ነበር። ፀሐዬ እስከ አራት ሰዓት ሠራለት፣ አስነስቶ ሞከረው፣ አጠፋው፣ ኮፈኑን ዘጋና እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሞተሩ ሞቆ ነበር። ግልገሏ በሥር በኩል ወጥታ ገባች። አዱኛ ቁልፉን አዞረ። ገና አሁን የተዘጋ ኮፈን ማን ያንኳኳል?

ጩኸቱ ግቢውን ሁሉ አቆመው።

«እኔ ምን አውቄ! በማርያም፣ እኔ ምን አውቄ!» ይላል አዱኛ ሞተሩን አጥፍቶ እየወረደ።

ፀሐዬ ሳሙናው ከእጁ ሳይለቅ ኮፈኑን ከፈተ። ጅራቷ በቺንጋውና ቺንጋው በሚዞርበት ፑሌጃ መሐል ተይዟል። ቺንጋውን በእጁ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ አዞረና አላቀቃት። ጅራቷ ከወገቡ ተቆልምሟል፤ ጫፉ ላይ ቆዳው ተገፎ ነጭ ነገር ይታያል።

«ሐኪም ቢያያት ይሻል ይሆን?» አለ አዱኛ።

«ለድመት?»

«እንጃ። የሚያክሟት አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ፀሐዬ ከጥበቃው አረቄ ተቀብሎ ቁስሉን ጠረገላት። ነከሰችው። የሽቦ መሸፈኛ ፕላስቲክ በቁመቱ ሰንጥቆ የተሰበረውን አቃንቶ ከተተበት። ከዚያ ናስትሮውን አወጣ። ጫፉን በጥርሱ ነከሰ፣ ለጠጠ፣ ከሥር ጀምሮ እስከ ጫፍ ጠቀለለ፣ ተመልሶ ደረበ። ሲጨርስ ጅራቱ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ሆነ።

«አሁንማ መብራቷም ይበራል በሉኛ፣ ጋሽ ፀሐዬ» አለ አዱኛ፤ ድንጋጤው ሲለቀው ቀልዱ ይመለስለታል።

ፀሐዬ አልሳቀም። ሥራውን ግን ወደደው።

የመጀመሪያውን ማታ ስታለቅስ አመሸች። በሁለተኛው ዝም አለች፤ ዝምታውን እንደ መዳን ቆጠረው። ምግብ ስታሸት ትመለሳለች፤ ይህንም ከድንጋጤው ነው አለ። የተኛችበት ጨርቅ ሁልጊዜ እርጥብ እርጥብ ይላል። ዓርብ ጠዋት ቦርሳውን ሲከፍት ሽታው ፊቱን መታው። ከናስትሮው በላይ ያለው ጅራት አብጦ ጠቁሯል።

የማርያምወርቅ በራፉ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«ምንድን ነው ጋሽ ፀሐዬ? አይጥ ሞቶብዎት ነው?»

ጅራቱን አሳያት። ለጥቂት ጊዜ ቀልድ ጠፋት።

«እዚህ ዳገቱ ላይ፣ የእንጦጦ ገበሬዎች ከብት የሚያሳክሙባት ልጅ አለች አይደል፣ ለሊሴ የምትባል። ዛሬውኑ ይውሰዷት። ሥራው የትም አይሄድብዎትም።»

ዳገቱን በእግሩ ወጣው። አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ አልቆ አፈር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ ነው። የለሊሴ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ፊት ለፊቷ በአጣና የታጠረ ቦታ አለ፣ እዚያ ውስጥ አንዲት ጊደርና ሁለት አህዮች ቆመዋል። ለሊሴ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቦት ጫማ አድርጋ ከአንድ ሽማግሌ ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች። ጨርሳ ወደ ፀሐዬ ዞረች።

«ምን ይዘው ነው አባባ?»

ቦርሳውን ከፈተላት። ሽታውን ስታገኘው ፊቷን አላጨማደደችም፤ ይህን ልብ አለ። ናስትሮውን በመቀስ እየቀደደች ስትፈታው ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የመኪና ኤሌክትሪሺያን።»

ራሷን ነቀነቀች። «ለሽቦ ቢሆን የሚያስመሰግን ነበር። ይሄ ግን ደም የሚሄድበት ነው አባባ። ደሙን ዘግተውበት ሞቷል። መቆረጥ አለበት።»

ፀሐዬ የተቀደደውን ናስትሮ አየ። ትዝ ያለው የሠናይት ቀለበት ነው። ሽባ የሆነው እጇ አብጦ ቀለበቱ ጣቷን ሲያንቃት እሱ በየቀኑ እያጠባት አላየውም ነበር። መናገር ስለማትችል አልነገረችውም። ያየችው ለመርፌ የምትመጣው ነርስ ናት፤ የሠናይት ጣት በዚያን ጊዜ እንደ ቀይ ሥር ሆኗል። ቀለበቱን የቆረጠው በራሱ ፒንሳ ነው። ሠናይት ቀለበቱ ሲወጣ በግራ ዓይኗ ብቻ አነባች። ከዚያ በኋላ እንኳ የት ነው የሚያምሽ ብሎ እጇን እየነካካ መጠየቅ ልማዱ አልሆነም። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሸፍኖ ይወጣ ነበር፤ በደንብ የታሰረ ሁሉ ደህና ይመስለው ነበር።

ለሊሴ ግልገሏን ገልበጥ አድርጋ ሆዷን ዳበሰች፤ ፊቷ ያን ጊዜ ነው የጠቆረው።

«ከመቼ ወዲህ ነው ያልሸናችው?»

«ትሸናለች። ጨርቁ ሁሌ እርጥብ ነው።»

«ሞልቶ የሚፈሰው መሽናት አይባልም።» ከድመቷ የኋላ እግሮች ፊት ሆዷን በአውራ ጣቷና በሁለት ጣቶቿ ያዝ አድርጋ ተጫነች። ሽንቱ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀው። «ጅራቷ ተጎትቷል። ከጅራቱ ሥር ፊኛዋን የሚያዙ ነርቮች አሉ። እነሱ ተበጥሰው ከሆነ ዕድሜ ልኳን ራሷ አትሸናም። ተለጥጠው ብቻ ከሆነ ግን ይመለሳሉ።»

«የትኛው ነው?»

«ከፍቶ የሚያየው የለም። የሚታወቀው በመጠበቅ ነው። ሁለት ሳምንት። እስከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገው እርስዎ ያወጡላታል። በሁለት ሳምንት ራሷ አፈር ጭራ፣ ቁጢጥ ብላ ከሸናች ዳነች። ካልሆነ ያምጧት፣ በመርፌ አሳርፋታለሁ። እንደዚህ ሆና መኖር ሥቃይ ነው።»

ፀሐዬ ወንበር ፈለገ፤ አጠገቡ የነበረው የመኖ ጆንያ ነው፤ እሱ ላይ ተቀመጠ።

«አሁኑኑ ውጊያት» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«መርፌውን አሁን ውጊያት። እኔ አልችልም። አራት ዓመት አድርጌዋለሁ፤ የሰው። ከእንግዲህ አልችልም ልጄ፣ ደክሞኛል።»

ለሊሴ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች። ውጭ አህያዋ አናፋች።

«ይቻላል» አለች በመጨረሻ። «መርፌው መደርደሪያው ላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን እሱ ዛሬም አለ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንትም አለ። ለማንኛውም ጅራቱን ልቁረጠው፤ እርስዎ ያስቡበት። ራሷን ይያዙልኝ።»

ማደንዘዣ ወግታ ቆረጠችው። ፀሐዬ ራሷን ይዞ ቆመ። ጭንቅላቷ በመዳፉ ውስጥ የአንድ አምፖል ያህል ነበር። ሲያልቅ የሦስት ጣት ስፋት የምታህል ጉማጅ ቀረች፣ በክር ተሰፍታ። አስቦበት እንደሆነ ለሊሴ አልጠየቀችውም። የሰጠችውን መድኃኒት ተቀብሎ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እርስ በርስ ይመሳሰሉ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ጨርቅ ያነጥፋል፣ ፊኛዋን ይፈልጋል። የበሰለ ሎሚ ትመስላለች ብላው ነበር ለሊሴ፤ እውነትም ሎሚ ትመስላለች። መጀመሪያ ፈርቶ አልተጫነም፤ በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ለመዱት። ምሳ ሰዓት ጋራዡ ጥግ ላይ ጎማዋ ወልቆ የቆመች አሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ገብቶ በሩን ዘግቶ ያደርገዋል። ማታ ደግሞ እቤት። አሁን በየጊዜው ትንሽ ሲጫን ፊቷን ያያል። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈች እጁን ያላላል።

አዱኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ወተት ያመጣል። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ወተቱን ጋዜጣ ጠቅልሎበት ነው የሚያቀብለው።

«ለምን ትደብቀዋለህ?» አለው ፀሐዬ።

«አዱኛ ጾም ገደፈ እንዳይሉኝ ነዋ። ስሜ ሳይጠፋ ገና ማግባት አለብኝ።» ከዚያ ወደ አሮጌዋ መኪና አጮልቆ «ዛሬ ስንት ሊትር ወጣ፣ ጋሽ ፀሐዬ?» ይላል።

«ሂድ ከዚህ።»

የማርያምወርቅ ግን አልቀለደችም። አንድ ማታ በሩን ገፋ አድርጋ ገብታ፣ ጨርቅ ጭኑ ላይ አንጥፎ ተቀምጦ አየችው። ሠናይትን ሲያስታምም ስንት ጊዜ እንደዚህ ሆኖ አይታዋለች።

«ለሰው ያደረጉት አይበቃም?» አለችው። «ይተዉዋት። ሠናይት ነፍሷን ይማረውና ድመት እንኳ አትወድም ነበር።»

«አውቃለሁ። ድንጋይ ነበር የምትወረውርባቸው።»

«ታዲያ ለማን ብለው ነው?»

ፀሐዬ ደክሞት ስለነበር ያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው። «ያሰርኩት እኔ ነኛ።»

የማርያምወርቅ ተቀመጠች። ከዚያ ጨርቁን ከጭኑ ላይ ወሰደችና ወጥታ አጠበችው።

በዘጠነኛው ቀን ፍራሹ ላይ እርጥበት አይቶ ዳነች አለ፤ ከዚያ ለሊሴ ሞልቶ የሚፈሰው አይቆጠርም ያለችው ትዝ አለው። በአሥራ አንደኛው ቀን ግቢው ውስጥ ካለው የአሸዋ ክምር ላይ አስቀምጧት ቆሞ ጠበቀ። አንጋጣ አየችው። እሱም አያት። ብርዱ ከጉልበቱ ሲገባ አንስቷት ገባ። ወተቱን ትጠጣለች፣ ቁስሏ ደርቋል፣ በናስትሮው ጥቅል ትጫወታለች፤ ዋናው ነገር ግን የለም። በአሥራ ሁለተኛው የለም። ሐሙስ ማታም የለም።

ዓርብ ጠዋት ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዱ ነቃ፤ ግን አልተነሳም። ጣራውን እያየ ተኛ። ዛሬ ቀጠሮዋ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ በመርፌ ለምታርፍ ድመት አሁን ሆዷን መጫን ምን ይሠራላታል? ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቁን ሳያነጥፍ ቀረ። አርፍዶ ተነሳ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ወተቱን ሁሉ ቀዳላት፣ ሙልጭ አድርጋ ጠጣችው። ቦርሳው ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ከተተላት፤ የሠናይት የራስ ሻሽ ነበር። ከዚያ ወጣ። የማርያምወርቅ ከበራፏ አየችው።

ኮብልስቶኑ ከማለቁ በፊት ሁለት ጊዜ አረፈ። አፈሩ መንገድ ላይ ሲደርስ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከታች ከተማዋ ጭጋግ ለብሳለች፤ የአንድ የሩቅ ግንባታ መዶሻ ይሰማል። ቦርሳው ውስጥ ትጮኻለች፣ ትቧጭራለች። ሌላ ጊዜ እንደዚህ አታደርግም ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ትንካት ብሎ ዚፑን ከፈተው።

ዘላ ወረደች። ደረቁ ቅጠል ውስጥ ገብታ አሸተተች፣ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች። በፊት እግሯ ቅጠሉን ገለጠች። አፈሩን ጫረች፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ።  ያቺ ጉማጅ ጅራት ቀና አለች፣ ጀርባዋ ጎበጥ አለ፣ ቁጢጥ አለች። ዓይኖቿን ጨፈን አድርጋ ቆየች፤ በጣም ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ዞራ አሸተተችው፣ አፈር መለሰችበት፣ ቅጠልም ጨመረችበት።

ተነስቶ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ ቅጠሉን በእጁ ገልጦ አፈሩን ነካው። ሞቅ ያለ፣ እርጥብ አፈር ነው። ግልገሏ የሸፈነችውን ስለገለጠባት ተመልሳ መጥታ እንደገና ሸፈነችው።

እንደዚያ እንደ ተንበረከከ ቆየ። እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች በመንገዱ ሲያልፉ፣ የሚጸልይ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይስቅ ይሆን ያለቅስ ይሆን ብሎ ራሱን ጠበቀ፤ ሁለቱም አልመጡም። የመጣው እንቅልፍ ነበር፤ እየታገለው ግልገሏን ወደ ቦርሳው መልሶ ዳገቱን ቀጠለ።

ለሊሴ የአህያ ሰኮና ስትጠርብ ደረሰ። ቀና ብላ ፊቱን አየችና ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እሺ አባባ» አለች ዝግ ብላ። «አውጥተው ይያዙልኝ፣ እጄን ልታጠብ።»

«ሸናች» አለ ፀሐዬ።

«ራሷ?»

«ራሷ። ጭራ። ሸፈነችው ደግሞ።»

ለሊሴ ሳቀች፤ ለአህያዋ ባለቤት በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም ሳቀ። «ታዲያ ፊትዎ ምን ሆኖ ነው? መርዶ ይዘው የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ።»

«ደክሞኛል።»

«ይቀመጡ እስቲ። አይቻት ነው የሚሄዱት።» ከዚያ አህያዋ እግር ላይ ጎንበስ ብላ «ያውቃሉ አይደል፣ ድመት በደንብ ከተያዘች አሥራ አምስት ዓመትም ትኖራለች» አለችው።

ፀሐዬ የመኖው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ። ዕድሜው ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሲጨመርበት ስንት እንደሚሆን ማስላት ጀመረ፤ ሳይጨርሰው እንቅልፍ ወሰደው። ጊደሮች መጡ፣ ሄዱ። ሰዎች በላዩ ተነጋገሩ። ለሊሴ ተራውን ሁለት ጊዜ አሳለፈችው።

ትከሻውን ስትነካው ቦርሳው ውስጥ የገባው እጁ ነው መጀመሪያ የነቃው። የግልገሏ ሆድ ባዶ ነበር፣ ለስላሳ። ጆሮዋን አላጠፈችም።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ግልገሏን በቦርሳው ይዞ ወረደ። ቁልቁለቱ ለጉልበቱ ከዳገቱ ይብስ ነበር።